ሮያሊቲ ምንድን ነው?

«ኖርዌይ ከነዳጅ ኩባንያዎች 78 በመቶ ትወስዳለች፤ አሜሪካ ግን 12.5 በመቶ ሮያሊቲ ብቻ እየተቀበለች ሀብቷን ትበትናለች» የሚለውን ንጽጽር ሰሞኑን ከአንድ ተንታኝ እንደገና ሰማሁ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይነጻጸሩም። አንዱ የሚሰላው ከትርፍ ነው፤ ሌላው ከሽያጭ።

ሮያሊቲ የሀብቱ ባለቤት በርሜሉ ሲወጣ የሚያነሣው ድርሻ ነው። ኩባንያው አተረፈም ከሰረም ይከፈላል። በአሜሪካ የማዕድን መብቱ የግለሰብ ከሆነ ሮያሊቲው የሚገባው ለመንግሥት ሳይሆን ለዚያው ግለሰብ ነው። ስለዚህ ከግብር ይልቅ ለሀብቱ የሚከፈል ዋጋ ቢባል ይቀርበዋል።

ባለመሬትና አራሽን አስቡ። ባለመሬቱ እህሉ እንደተወቃ ድርሻውን ከአውድማው ሰፍሮ ከወሰደ ያ ሮያሊቲ ነው፤ አራሹ ለዘርና ለበሬ ኪራይ ያወጣው አይመለከተውም። መጀመሪያ ወጪው ተነሥቶ የተረፈውን ቢካፈሉ ግን የትርፍ ግብርን ይመስላል። በፊተኛው ውል ባለመሬቱ በክፉ ዓመትም እህል ያገኛል፣ አራሹ ባዶ ጆንያ ይዞ ሊገባ ይችላል። በኋለኛው ባለመሬቱ የወጪውን መዝገብ መመርመር ግድ ይሆንበታል፤ አራሹ የወንድሙን በሬ በእጥፍ ዋጋ ተከራየሁ ሊለው ይችላላ! የነዳጅ ኩባንያም የቁፋሮ መሣሪያውን ከእህት ኩባንያው ይከራያል፣ ይህን የሚመረምር ጠንካራ የግብር መሥሪያ ቤት የሌለው መንግሥት ሮያሊቲን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ስሌቱ። በርሜሉ በ100 ዶላር ቢሸጥና ወጪው 60 ቢሆን ትርፉ 40 ነው። 12.5 በመቶ ሮያሊቲ 12.5 ዶላር ነው፤ ከትርፉ 31 በመቶ ያልፋል። ዋጋው ወደ 68 ሲወርድ ትርፉ 8 ዶላር፣ ሮያሊቲው 8.5 ዶላር ይሆናል። ያ «ትንሽ» መቶኛ ትርፉን ሙሉ በሙሉ በልቶ ኩባንያውን ኪሳራ ውስጥ ከተተው። ያረጀ ጉድጓድ ዘይት እያለው የሚዘጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኖርዌይም ልማታቸው ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጸደቁ መስኮችን ከሮያሊቲ ነፃ አድርጋለች።

የኖርዌይ 78 በመቶ የ22 በመቶ መደበኛ የኩባንያ ግብርና የ56 በመቶ ልዩ የነዳጅ ግብር ድምር ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ ግብሩ ስሌት ኩባንያው መዋዕለ ንዋዩን ባወጣበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ይቀንሳል፤ ኪሳራ ካለበትም መንግሥት የኪሳራውን የግብር ድርሻ በጥሬ ገንዘብ ይመልስለታል። መንግሥቱ ከትርፉ ብቻ ሳይሆን ከወጪውም ይካፈላል ማለት ነው። ተንታኙ ይህን አንድም ጊዜ አላነሣም። በአሜሪካ በኩልም 12.5 በመቶው በ1920 እ.ኤ.አ. ሕግ ለፌዴራል የየብስ መሬት የተቀመጠ ዝቅተኛ መጠን እንጂ የመንግሥት ጠቅላላ ድርሻ አልነበረም። ከሮያሊቲው በላይ የጨረታ ክፍያ አለ፤ ዛሬ 21 በመቶ የሆነው የፌዴራል የኩባንያ ግብርም አለ፤ እርግጥ ሮያሊቲው እንደ ወጪ ተቀንሶ ነው ግብሩ የሚሰላው።

«በምርት መጋራት ውል ሮያሊቲ የለም» የሚሉም አሉ። ይህ ኩባንያው ከሚወጣው ዘይት ወጪውን አንሥቶ ቀሪውን ከመንግሥት ጋር የሚካፈልበት ውል ነው። ውሉ ቃሉን ባይጠቅሰውም ኩባንያው በየዓመቱ ለወጪው የሚያነሣው ዘይት ጣሪያ ካለው፣ ለምሳሌ ከምርቱ 60 በመቶ ከሆነ፣ ቀሪው 40 በመቶ ወጪው ተመለሰም አልተመለሰም ለክፍፍል ይቀርባል። መንግሥት ከመጀመሪያው በርሜል ጀምሮ ድርሻ ያገኛል፤ በሥራው ሮያሊቲ ነው።