«ስኮፑ ሱቅ ውስጥ ተስተካክሏል» እና ሌሎች የአደን ሰሞን ወሬዎች

ኮሎራዶ ውስጥ ጥቅምት ሲገባ የማውቃቸው አዳኝ ሐበሾች ወሬ ሁሉ ኤልክ ይሆናል። ኤልክ ፈረስ የሚያክል አጋዘን በሉት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» እየተባልን አድገን፣ ያውም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሳይገባ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብዳል። ችግሩ ከኤልኩ ወሬ ጋር የስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ወሬም አብሮ መምጣቱ ነው። ግማሹ ስህተት ነው። እኔም አምኜው ጥይት ጨርሻለሁ።

«ሱቅ ውስጥ ዜሮ አድርገውታል»

የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስገዛ ሻጩ ያለኝ ይህንኑ ነው። ዜሮ ማድረግ ማለት ስኮፑ ውስጥ የሚታየው መስቀል ያረፈበትና ጥይቱ የሚመታው ነጥብ አንድ እንዲሆኑ ማስተካከል ነው። ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። በ100 ያርድ ሦስት ተኮስኩ፤ ወረቀቱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አሜሪካዊ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ወረቀቱን ወደ 25 አምጣው» አሉኝ። አመጣሁት። ጥይቱ ከመሃሉ 4 ኢንች ወደ ግራ ወጥቶ አገኘሁት። በ100 ያርድ ቢሆን 16 ኢንች ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ጥይት አይተኮስም። የሚደረገው አፈሙዙንና ስኮፑን በሌዘር ወይም በዓይን በግምት ማገናኘት ነው። ይህ ወረቀቱን ለማግኘት ይረዳል እንጂ ዜሮ አይባልም። በቦልት (በእጅ እየተሳበ ጥይት በሚያጎርስ ብረት) የሚሠራ ጠመንጃ ካላችሁ ቤታችሁም ትሠሩታላችሁ። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቦልቱን አውጡ። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉና በአፈሙዙ ውስጥ አሻግራችሁ ኢላማውን እዩ። ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የስኮፑን መስቀል እዚያው ነጥብ ላይ አምጡት። ዜሮው የሚገኘው ግን ተኩስ ሜዳ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በ25፣ ቀጥሎ በ100።

በ25 ያርድ መሃሉን ካልመታሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ስኮፑ ከአፈሙዙ በላይ ስለተቀመጠ፣ በዚያ ርቀት ጥይቱ ከግማሽ እስከ አንድ ኢንች ዝቅ ቢል ጥሩ ነው።

«ብሎን በጠበቀ ቁጥር ይሻላል»

ይህ ብዙ ስኮፕ ያበላሸ እምነት ነው። የስኮፑ ቱቦ ስስ አሉሚኒየም ነው። ስኮፑን አቅፈው የሚይዙትን ቀለበቶች በጉልበት ካጠበቃችሁ ቱቦው ይጨመቃል፤ ውስጡ ያለው የሚንቀሳቀስ ክፍልም ይያዛል። ከዚያ የስኮፑን ማስተካከያ ቁልፍ ታዞራላችሁ፣ ክሊክ ክሊክ ይላል፣ ጥይቱ ግን ያው ቦታ ይሄዳል። ሰው ይህን ሲያይ ስኮፑን ይራገማል።

ብዙ አምራቾች ለቀለበት ብሎን የሚጽፉት ልክ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ነው፤ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ። ካቻቢቴ በሙሉ መዳፍ ይዞ መጠምዘዝ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ልኩን የሚያሳይ ትንሽ የቶርክ ቁልፍ ግዙ። ብሎኖቹን ጎማ እንደቀየረ ሰው አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ማዶ እያላችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ስኮፑ የሚቀመጥበት መሠረት ብሎን ልኩ ሌላ ስለሆነ መመሪያውን አንብቡ። ብሎኑ ዘይት ካለው በአልኮል ይጠረግ። በመጨረሻ ከብሎኑ እስከ ቀለበቱ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። እኔ ከባለቤቴ ቀይ ቀለም ሰርቄ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም።

«ለርቀቱ ጃኬት ምን አገባው?»

ዓይንና ስኮፕ መካከል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኢንች ያስፈልጋል። ካነሰ ጠመንጃው ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲመታ ስኮፑ ቅንድብ ይፈነክታል። ምልክቱ ያለባቸውን ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱም «ወድቄ ነው» ይላሉ። በቲሸርት የተለካ ርቀት በወፍራም ጃኬት ይለወጣል። ለአደን የምትለብሱትን ለብሳችሁ፣ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ለኩ።

«መስቀሉን በዓይኔ አቀናዋለሁ»

ለ100 ያርድ ምንም አይል ይሆናል። ሩቅ ስትሄዱ ግን ጉድ ይመጣል። ለሩቅ ኢላማ ጥይቱ 300 ኢንች ከፍ እንዲል ቁልፉን አዙራችሁ መስቀሉ አንድ ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ቢሆን፣ ጥይቱ ወደ ጎን 5 ኢንች ይሄዳል። ሰውየው ነፋሱን ይወቅሳል። መፍትሔው ግንበኛ የሚያውቀው ነው፤ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ራቅ አድርጋችሁ ቱንቢ ስቀሉ፣ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከቱንቢው ገመድ ጋር አግጥሙ።

«ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ ላይ ይነሳል»

አይነሳም። ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ትስበዋለች። ከፍ ያለ የሚመስለው ዜሮ ስናደርግ አፈሙዙ ከእይታ መስመሩ አንጻር ትንሽ ቀና ስለሚል ነው። ድንጋይ ሩቅ የወረወረ ልጅ ይህን ያውቃል።

«አንድ ጥይት መሃል ገባ፣ አለቀ»

አንድ ጥይት ዕድልም ሊሆን ይችላል። በየጥይቱ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ደግሞ የራሱን እጅ መንቀጥቀጥ ሲያሳድድ ይውላል። አምስት ተኩሱ፣ አፈሙዙ ይቀዝቅዝ፣ የቀዳዳዎቹን መሃል ፈልጉ፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚነካው። ሩብ ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ) የሚባለው ክሊክ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል። 3 ኢንች ዝቅና 2 ኢንች ቀኝ ከሆነ፣ 12 ክሊክ ወደ ላይ፣ 8 ወደ ግራ። በ25 ያርድ ግን ያው ክሊክ የዚህን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ያቺን የግራ 4 ኢንች ለመመለስ 64 ክሊክ ቆጥሬያለሁ፤ ሽማግሌው አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር። ቁልፉ ላይ ያለው ቀስት ደግሞ የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው፤ የመስቀሉን አይደለም።

«ጥይት ጥይት ነው»

ክብደቱ ወይም ፋብሪካው ሲለወጥ ዜሮውም ሊለወጥ ይችላል። የምታድኑበትን ጥይት ተኩሳችሁ አስተካክሉ።

«የስኮፑ የጎን ቁልፍ ምስል ማጥሪያ ነው»

ምስሉን ማጥራቱ አይቀርም። ዋና ሥራው ግን ጭንቅላታችሁ ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ኢላማው ላይ እንዳይዋልል ማድረግ ነው። ጠመንጃው ሳይነካ ጭንቅላታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ ፈትኑ። መስቀሉ ራሱ ከደበዘዘባችሁ የሚስተካከለው ዓይን በሚደገፍበት በኩል ባለው ቀለበት ነው።

«ዴንቨር ላይ የሠራ የትም ይሠራል»

ዴንቨር ከባሕር በላይ 1,609 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ይጥላል። በ100 ያርድ ልዩነቱ አይታይም። ከ500 ያርድ በላይ ግን ዝቅታው ስለሚለያይ ጥይቱ በየርቀቱ ስንት ዝቅ እንደሚል የሚያሳየው ሠንጠረዥ እንደ አዲስ ይሰላል።

ከፍታው ባይለወጥም የመንገዱ መንገጫገጭ አለ። ባለፈው ዓመት ኮረኮንች ላይ ሁለት ሰዓት ነድተን ስንደርስ የጓደኛዬ ስኮፕ ብሎን ላይ ያለው ቀይ መስመር ተሰብሮ አገኘነው። የዚያን ዕለት አደን አልወጣንም፤ ካቻቢቴና ወረቀት ይዘን ወደ ተኩስ ሜዳ ተመለስን።