የሞኔ ፀሐይ ለምን የምትንቀጠቀጥ ትመስላለች?

ስለ ሥዕል ስናወራ ብዙዎቻችንን የሚያምታታን ነገር አለ፤ የቀለም ድምቀትና የብርሃን መጠን አንድ አይደሉም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ የፈረንሳይዋን ከተማ የለ ሃቭርን ወደብ የሳለበትን «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት» እንይ። በአውሮፓውያን 1872 የተሳለ ነው፤ አሁን ፓሪስ፣ ማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ይገኛል። ፀሐይዋ ከግራጫና ሰማያዊው ጉም መሀል እንደ ፍም ቀልታ ትታያለች። ያያት ሁሉ ከሰማዩ በጣም የበራች ይመስለዋል። እስቲ የሥዕሉን ፎቶ በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፀሐይዋ ልትጠፋ ምንም አይቀራት!

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእሷና የዙሪያዋ ሰማይ የብርሃን መጠን እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ የሚለያት ቀለሟ ብቻ ነው። የእይታ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሊቪንግስተን እንደምታስረዳው፣ ቀለም የሚለየውና ቦታን የሚለየው የአእምሯችን ክፍል ይለያያሉ፤ ቦታ የሚለየው ደግሞ የሚሠራው በብርሃን ልዩነት ስለሆነ ፀሐይዋን አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። መንቀጥቀጧ ከዚህ ይመጣል። እኔን እስካሁን ይገርመኛል፤ ሞኔ ይህን ያገኘው በዓይኑ ብቻ ነውና። በዚያ ላይ ብርቱካናማና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል።

ጉሙንስ እንዴት አሳየው? እሱ ቀላል ነው። ጀልባዎቹን በተራ እዩዋቸው። የቅርቧ ጠቆር ብላለች፣ ቀጣይዋ ፈዛለች፣ ከኋላ ያሉት መርከቦች ግን ከአየሩ ቀለም ጋር ተቀላቅለው ለመለየት ያስቸግራሉ።