የላም የእንግዴ ልጅ፦ የጂኖች ሥራና የጂኖም ዝግመተ ለውጥ

የላም የእንግዴ ልጅ እንደ ሰው አንድ ወጥ አካል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 120 በሚደርሱ ጉብታዎች ከማህፀን ጋር ይጋጠማል። ፀረ እንግዳ አካላት በእርግዝና ወቅት ወደ ጽንሱ ስለማይሻገሩ፣ ጥጃው ይህን ጥበቃ የሚያገኘው ከእንገር ነው።

የላም ጂኖም፣ ማለትም የዘረመል መረጃዋ በሙሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሲሆን 22 ሺህ ገደማ ጂኖች ተቆጠሩ፤ ከመራባትና ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙ በርካታ የጂን ቤተሰቦችም ተባዝተው ተገኙ። ለእንግዴ ልጅ ተመራማሪዎች ትልቁ ሀብት ይህ ነው፦ ነባር ጂን ይገለበጣል፣ ቅጂውም አዲስ ሥራ ይይዛል።

ከሁሉ የሚደንቀው ኢንተርፌሮን ታው የተባለው ፕሮቲን ነው። ሌሎቹ ኢንተርፌሮኖች ቫይረስ ሲገባ ይቀሰቀሳሉ፤ ይህኛው ግን የሚመነጨው ከጽንሱ ውጫዊ ሽፋን ብቻ ነው። ከ36 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከኢንተርፌሮን ኦሜጋ ጂን እንደተገለበጠ ይገመታል፤ የሚገኘውም በሚያመሰኩ እንስሳት ብቻ ነው። በ13ኛው ቀን ገና ክብ ወይም ሞላላ የነበረው ጽንስ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ክር ይረዝማል፤ ከ16ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮም ይህን ፕሮቲን በብዛት ያመነጫል። ፕሮቲኑ ለእናቲቱ ማርገዟን የሚነግር መልእክት ነው፤ መልእክቱ ካልደረሰ ማህፀኑ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገር ይለቅና በኦቫሪ ላይ ያለውን የፕሮጄስትሮን (እርግዝናን የሚያጸና ሆርሞን) ምንጭ ያከስመዋል፤ እርግዝናውም ይቋረጣል።

ባለ ሁለት ኒውክሊየስ ህዋሳት ከጽንሱ ውጫዊ ሽፋን ህዋሳት አንድ አምስተኛ ገደማ ናቸው። ወደ ማህፀን ግድግዳ ተሻግረው ከእናት ህዋሳት ጋር በመዋሃድ ሆርሞኖችን ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጡ ጥናቶች ከጥንት ሬትሮቫይረሶች (ጂናቸውን በሌሎች ሕያዋን ጂኖም ውስጥ ከሚያስገቡ ቫይረሶች) የተወረሱት ፌማትሪን 1 እና ሲንሲቲን ረም 1 የተባሉ ፕሮቲኖች ህዋሳትን ማዋሃድ እንደሚችሉ ታይቷል። በ29ኛው ክሮሞሶም ያሉት ከ20 የማያንሱ የእርግዝና ግላይኮፕሮቲን (ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን) ጂኖች ደግሞ የጨጓራው ኢንዛይም የፔፕሲን ዘመዶች ናቸው። በተለይ የኋለኞቹ ቅጂዎች ሥራ ላይ የሚውሉት በእነዚሁ ህዋሳት ውስጥ ነው። ግላይኮፕሮቲኖቹ የእናትን በሽታ መከላከያ ያለዝባሉ የሚለው ሐሳብ አከራካሪ ቢሆንም፣ ከ28ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ በደምና በወተት ምርመራ እርግዝናን ለማወቅ ያገለግላሉ።

የላም የእንግዴ ልጅ ላክቶጅን የተባለው ሆርሞን ጂን የተገኘው የወተት ሆርሞን ከሆነው ከፕሮላክቲን ጂን ነው፤ የሰው ግን ከእድገት ሆርሞን ጂን። ለአንድ ዓይነት ፍላጎት ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ደረሱ።

እድገትን የሚያፋጥነው አይጂኤፍ 2 የተባለው ጂን በብዛት የሚሠራው ከአባት በተወረሰው ቅጂ ነው። ይህ ሥርዓት ሲዛባ ከመጠን በላይ የገዘፈ ጥጃ ሊወለድ ይችላል። በክሎኒንግ የተገኙ ብዙ ጽንሶች የሚጠፉትም የእንግዴ ልጃቸው ጉብታዎች ጥቂትና ያበጡ ስለሚሆኑ ነው።