የ2022ቱ ሕግ ጋብቻን ይፈቅዳል ወይስ እውቅና ይሰጠዋል?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ "አሜሪካ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በ2022 በሕግ አጽድቃ የለ? ታዲያ ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ምን ይመጣል?" ግርታው አይገርምም። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል።

የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) አምስት ዳኞች ደግፈው አራቱ ተቃውመው፣ ሁሉም ግዛት የጋብቻ ፈቃድ እንዲሰጥ አዘዘ። ዛሬ በመላ አገሪቱ የሚሠራው ይኼ ነው።

ሁለተኛው ኮንግረስ አውጥቶት ባይደን ታኅሣሥ 2022 የፈረሙት ሕግ ነው። ይኼኛው "ፈቃድ ስጡ" አይልም። "ሌላ ግዛት በሕጋዊ መንገድ ላጋባቸው እውቅና ስጡ" ነው የሚለው። የፌዴራል መንግሥቱም እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው እዚህች ጋ ነው።

እንበልና የ2015ቱ ውሳኔ ተሻረ። ቴክሳስ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያለው የ2005 ክልከላ ገና አልተሰረዘም። ሁለት ሴቶች ሂዩስተን ውስጥ ፈቃድ ሲጠይቁ ጸሐፊዋ "አይቻልም" ልትላቸው ትችላለች። ፈቃድ ወደምትሰጠው ጎረቤት ግዛት ወደ ኒው ሜክሲኮ ነድተው ተጋብተው ቢመለሱ ግን ቴክሳስ ለጋብቻቸው እውቅና አልሰጥም ማለት አትችልም። ያው ድካሙና የመንገድ ወጪው የእነሱ ነው።

ይህ በሁሉም ግዛት አንድ ዓይነት አይሆንም። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የቆየውን ክልከላዋን በ2024 በሕዝብ ድምፅ ሰርዛለች። እዚያ ውሳኔው ቢሻርም ፈቃድ መስጠቱ ይቀጥላል።