ትልቅ ዲሽ ግቢ ውስጥ መትከል፦ የሚባለውና እውነታው

ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የሰቀለ ሰው፣ ባለ 3 ሜትሩም ያው ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው ብሎ ያስባል። ትልቁ ዲሽ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ሳያውቁ ገዝተው፣ ጥቂት ወር ታግለው፣ ዝገት እንዲበላው የተዉትን ሰዎች አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። የሰሙት ነገር ነው ስህተቱ።

«ትልቅ ከሆነ ሁሉንም ቻናል ያመጣል»

ትልቅ ዲሽ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ብዙ ሲግናል ይሰበስባል። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ የሚሰበስበው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ትንሹ ዲሽ ጭራሽ የማያገኘውን ደካማ ሲግናል ያነሳል። የተቆለፈ ቻናል ግን አይከፍትም። ከአድማስ በታች ያለ ሳተላይትም አያመጣም። የኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ የሰበሰበውን ሲግናል የሚቀበለው ከፊቱ የሚሰቀለው ዕቃ፣ ዓይነትም ይወስናል። ሳተላይቶች የሚልኩባቸው ሁለት የሞገድ ክልሎች አሉ። ሲ ባንድ ከ3.4 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ኬዩ ባንድ ደግሞ ከ10.7 እስከ 12.75። የአንዱ ኤልኤንቢ የሌላውን አይቀበልም።

«ትልቅ ስለሆነ ሳተላይቱን ማግኘት ይቀላል»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዲሹ ባደገ ቁጥር የሚያየው የሰማይ ክፍል እየጠበበ ይሄዳል። 90 ሴንቲ ሜትሩ በኬዩ ባንድ 2 ዲግሪ ገደማ ያያል። 3 ሜትሩ የሚያየው ግን 0.6 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ ከምትይዘው ቦታ ብዙም አይበልጥም። ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዞር ሲግናሉ በግማሽ ይወርዳል። በሲ ባንድ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ወደ 1.75 ዲግሪ ይደርሳል።

ለዚህ ነው ከዲሹ በፊት ምሰሶው የሚያሳስበኝ። አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር በሞተር የሚዞር ዲሽ ስናስተካክል ዋልን። አንዱን ሳተላይት ወዲያው አገኘነው። ወደ ምሥራቅ ስናዞረው ግን ሌሎቹ የሉም። ኤልኤንቢ ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን፣ ምንም ለውጥ የለም። ሊመሽ ሲል ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) አወረድን። ከላይ ምሰሶውን የነካው ክር፣ ከታች ጣት ያህል ርቆ ቆመ። ምሰሶው ዘሟል ማለት ነው። ስንተክለው ውሃ ልኩን ያየነው በአንድ ጎን ብቻ ነበር። 90 ዲግሪ ዞር ብሎ በሌላውም ጎን ማየት ግድ ነው። ምሰሶው ቀጥ ካላለ፣ የሚዞር ዲሽ ሳተላይቶቹ የተሰለፉበትን ቅስት መከተል አይችልም።

«ጣሪያ ላይ ከፍ ቢል ይሻላል»

ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ጣሪያው የሚጨምርላችሁ ጥቂት ሜትር ለሲግናሉ ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልገው ዛፍም ሆነ ግድግዳ የማይጋርደው አቅጣጫ ነው። 3 ሜትር ዲሽ ከ7 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ፊት አለው። ንፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይገፋል፣ ጣሪያውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መሬት ላይ ትከሉት። ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ምሰሶው ግርጌ ላይ አንድ ሁለት ቁራጭ ፌሮ አግድም አስበይዱበት። ካለበለዚያ ንፋሱ ምሰሶውን ኮንክሪቱ ውስጥ ሊያሽከረክረው ይችላል። ኮንክሪቱ በደንብ ሳይጠነክር ዲሹን አትጫኑበት፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በኮምፓስ አቅጣጫ ስትለኩም ከብረቱ ራቅ በሉ፤ ብረት መርፌዋን ይስባታል።

«ወንፊቱ ዲሽ ሲግናል ያሾልካል»

አያሾልክም፣ ቀዳዳው ለባንዱ የሚስማማ እስከሆነ ድረስ። የሲ ባንድ ሞገድ ርዝመት 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለእሱ እንደ ግድግዳ ነው። ኬዩ ባንድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ወደ 2 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ከቀዳዳው ይልቅ የሚያሰጋው የዲሹ መጣመም ነው። አሮጌ ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ክር ከጠርዝ ጠርዝ በመስቀለኛ ወጥሩ። መሃል ላይ ክሮቹ ለስለስ ብለው መነካካት አለባቸው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ጠርዙ ተጣሟል።

«ዝናብ ሲመጣ የማይጠፋ ዲሽ የለም»

ይሄ በዋናነት የኬዩ ባንድ ችግር ነው። ሲ ባንድን ኃይለኛ ዝናብም ብዙም አይጎዳውም። ብዙ ሰው ለሲ ባንድ ብሎ ትልቅ ዲሽ የሚተክለውም ለዚህ ነው።

«ጨረር ያወጣል፣ ልጆች አይጠጉት»

የቤት ዲሽ ተቀባይ ነው፣ አይልክም። ልጆችን ከዲሹ የምታርቁት ወጥተው እንዳይወድቁና ልኩን እንዳያዛቡባችሁ ነው።

«የሲግናል መስመሩ ከሞላ ተገኝቷል»

ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ኃይልና ጥራት። ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየ እንኳ፣ ኤልኤንቢው ስለተሰካ ብቻ የኃይሉ መስመር ሊሞላ ይችላል። ዓይናችሁ ጥራቱ ላይ ይሁን።

«በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይጠፋል፣ ተበላሽቷል»

ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ለተወሰኑ ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሲግናሉን ትውጠዋለች። ያኔ ቡሎን አትፍቱ። ይልቅ ወደ ግቢ ውጡና ዲሹን እዩ። ኤልኤንቢው ከፊት ለፊት መሃሉ ላይ የተሰቀለ ከሆነ፣ ጥላው ልክ የዲሹ እምብርት ላይ አርፎ ታገኙታላችሁ። ዲሻችሁ በትክክል ተነጣጥሯል ማለት ነው።