የመክፈቻ መጽሐፍ የቼዝ ፕሮግራሙ አካል ነውን?

ለገጣፎ ውስጥ በአንዲት ሻይ ቤት ሁለት ወጣቶች በላፕቶፕ ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞችን ሲያጋጥሙ፣ የተሸነፈው «ያንተ እኮ ከመጽሐፍ እያየ ነው የተጫወተው» ሲል ሰማሁ። አቤቱታው መሠረት አለው። የመክፈቻ መጽሐፍ ማለት ፕሮግራሙ ሳያሰላ የሚጫወታቸውን የመጀመሪያ እርምጃዎች የያዘ ፋይል ሲሆን፣ ፖሊግሎት በተባለው ቅርጸት እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ብቻ ሆኖ በሰሌዳው ላይ ያለውን የጠጠሮች አቀማመጥ መለያ ቁጥር፣ እርምጃውንና የተሰጠውን ክብደት (ምን ያህል ተመራጭ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን የረታው የአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ 4,000 ገደማ አቀማመጦች ያሉት፣ በአብዛኛው ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን በእጁ ያሰናዳው መጽሐፍ ነበረው፤ በ6ኛው ጨዋታ ፈረሱ የተሠዋውም ከዚያው መጽሐፍ በተወሰደ እርምጃ ነው። ያም ሆኖ ድሉ የማሽኑ ተብሎ ተመዘገበ። በአንጻሩ ዛሬ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ያለ መጽሐፍ ይቀርባል፤ ቲሲኢሲ በተባለው የቼዝ ፕሮግራሞች ውድድርም መክፈቻውን አዘጋጆቹ መርጠው፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች ነጭና ጥቁር እየተፈራረቁ ይጫወቱታል።

በእኔ እምነት ወሳኙ የሚለካው ነገር ነው፦ ስሌቱ ብቻ ከሆነ መጽሐፉ ከፕሮግራሙ ይለያል፣ ደራሲው ያቀረበው ሥርዓት በሙሉ ከሆነ ግን አብሮ ይቆጠራል። ወጣቶቹ ይህን ሳይወስኑ ነው ጨዋታውን የጀመሩት።