የባሕር ወለል ሠራተኞችና ብክለት

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ባሕሩ ግን ሩቅ አይደለም። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ የደረሰው ባቡር ነው። ታይዋን በሚባለው የከተማዋ ገበያ የሚደረደረውም ዕቃ ብዙው የመጣው በዚያው በኩል ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ እንኳ ጠራርጎ የወሰደውን ፌስታል ባሕር አያደርሰውም፤ ከከተማው በታች አሸዋው ውጦ ያስቀረዋል። ስለ ባሕር ወለል የሚጽፍ የድሬ ልጅ ቢያስቅም አይፈረድበትም።

የባሕር ወለል ባዶ አሸዋ የሚመስለው ከላይ ሆኖ ለሚያይ ነው። ደለሉ ውስጥ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖች፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ይኖራሉ። አንዱ ውኃ እየሳበ ያጣራል። አንዱ ደለል እየዋጠ ምግቡን ይለቅማል። ሌላው አዳኝ ነው። በእኔ ዓይን ዋናዎቹ ቆፋሪዎቹ ናቸው። ጉድጓዳቸውን በውኃ ሲያናፍሱ ኦክስጅን ጭቃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። በዚህ የተነሳ ባክቴሪያዎች ትርፉን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ለውጠው ያስወጡታል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ በሉት።

የተግባር ብዝኃነት የሚባለው ይኸው ነው። ስንት ዓይነት ዝርያ አለ ብሎ አይቆጥርም፤ ስንት ዓይነት ሥራ ይሠራል ብሎ ይጠይቃል። አጥኚው የእያንዳንዱን ዝርያ አመጋገብ፣ የሰውነት መጠን፣ ዕድሜ፣ የሚቆፍርበትን ጥልቀት ይመዘግባል። ታይዋን ውስጥ መቶ ሱቅ ተከፍቶ መቶውም የስልክ ሽፋን ብቻ ቢሸጥ ገበያው የሞቀ ይመስላል። ጫማ ፈልጎ የሄደ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። አንዱን ሥራ ብዙ ዝርያ ከተጋራው ደግሞ የአንዱ መጥፋት ብዙም አይታወቅም። አንድ ባጃጅ ቢበላሽ ሌላ ይመጣል።

ብክለት ወለሉን የስልክ ሽፋን ገበያ ያደርገዋል። ፒርሰንና ሮዘንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ደረጃዎቹን በግልጽ አስቀመጡ። ፍሳሹ በሚወርድበት አፍ ላይ፣ ክፉኛ ከተበከለ፣ ምንም አይኖርም። ትንሽ ራቅ ሲል እንደ ካፒቴላ ያሉ ትናንሽ ትሎች በሺዎች ይርመሰመሳሉ። ብዛታቸውን ብቻ ብታዩ ወለሉ ጤነኛ ነው ትላላችሁ። ሁሉም ግን ቶሎ የሚባዙ፣ ቶሎ የሚሞቱ፣ ጠልቀው የማይቆፍሩ ናቸው። ትልልቆቹ ቆፋሪዎች የሚገኙት ርቆ፣ ንጹሑ ጋ ነው።

ገዳዩ ብዙ ጊዜ መርዝ ሳይሆን የኦክስጅን ማለቅ ነው። ማዳበሪያና ፍሳሽ አልጌን፣ ውኃ ውስጥ የሚያድገውን ተክል መሰል ነገር፣ ያፋፋሉ። አልጌው ሞቶ ሲዘቅጥ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ጭቃው ይጠቁርና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ቆፋሪዎቹ ሲያልቁ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ወደ ውኃው ተመልሶ አልጌውን እንደገና ይቀልበዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዲህ የታፈኑ ቦታዎችን ከ400 በላይ ቆጥሯል፤ ስፋታቸው በድምሩ ከ245,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የዚህን ትንሽ ናሙና ለማየት ጅቡቲ መውረድ አያስፈልግም። ለወራት ያልታጠበ ሮቶ ክፈቱ። ሥሩ ዝቃጩ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ነገሮች ሲጠማዘዙ ልታገኙ ትችላላችሁ። እናቴ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን «ደም ነው እንዴ?» ብላ ባልዲውን ጥላው ሄዳለች። ትል ይመስላሉ እንጂ ቢምቢ የምትመስል፣ የማትናከስ ዝንብ እጮች ናቸው። የሚያቀላቸው ሄሞግሎቢን ነው፤ የእኛንም ደም የሚያቀላው እሱ ነው። ኦክስጅን ባነሰበት የሚቆዩት በሱ ነው። በቆሸሸ ሐይቅና ወንዝ ወለልም ሌላው ሲያልቅ እነሱ ይቀራሉ።

መርዝ ለይቶ የሚመታበት ጊዜም አለ። የመርከብ ሆድ ላይ ዛጎል እንዳይለጠፍ ይቀባ የነበረው ትሪቡቲልቲን በሴት ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ ብልት ያበቅል ነበር። መራባት አቃታቸው። አዳኞቹ ቀንድ አውጣዎች ከጠፉበት ቦታ የአዳኝነቱም ሥራ አብሮ ሄደ። ቀለሙን የሚያግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ውሏል።

ብክለቱ ሲቆም ፈጥነው የሚመለሱት ትናንሾቹ ናቸው። ትልልቆቹ ዓመታት ይፈጃሉ። አይስላንድ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባሕር የወጣ አንድ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ዕድሜው ሲቆጠር 507 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። እሱ ሲፈለፈል የሐረር ጀጎል ግንብ ገና አልተሠራም ነበር።